የአውሮፓ ፈረስ ለጅማ ሜዳ፦ ስለ ደላላው፣ ስለ ምርመራውና ስለ ጊቤ በረሃ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጅማ ተቀምጦ ስለ ፈረስ መጻፍ ለቀባሪው ማርዳት ሊመስል ይችላል። ከ1870 እስከ 1924 ዓ.ም. አገሩን የገዙት ንጉሥ እስከ ዛሬ የሚጠሩት በፈረስ ስማቸው ነው፤ አባ ጅፋር። ከኔዘርላንድ ወይም ከጀርመን ተገዝቶ፣ ቦሌ ወርዶ፣ ጊቤን ተሻግሮ ጅማ የሚገባ የድሬሳዥ ፈረስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ድሬሳዥ ፈረሱ 20 በ60 ሜትር በሆነ ሜዳ ላይ፣ ጋላቢው በእግሩ፣ በአቀማመጡና በዛቡ በሚሰጠው ጥቃቅን ምልክት እየተመራ እርምጃውን፣ ሶምሶማውንና ግልቢያውን በሥርዓት የሚያሳይበት ውድድር ነው። እንዲህ ያለ ፈረስ ለማሠልጠን ዓመታት ስለሚፈጅ አቅም ያለው ሰው ሠልጥኖ ያለቀውን ከውጭ መግዛት ይመርጣል። የሚገዛውም ባብዛኛው በደላላ ነው።

ደላላ አያስፈልግም የሚል አቋም የለንም። ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ከየትኛው ጋጣ ምን ዓይነት ፈረስ እንደሚወጣ የሚለይ፣ ሻጩ ዘንድ ሄዶ በፈረሱ ጀርባ ሊቀመጥ የሚችል ሰው የድካሙን ማግኘት አለበት። ቅሬታችን ሌላ ነው። በዚህ ንግድ የተለመደው አሠራር የተበጀው ለእንግሊዝ ወይም ለአሜሪካ ገዥ ነው፤ ፈረሱ አውሮፕላን ላይ ሲወጣ የደላላው ሥራ ያልቃል፣ ሒሳቡም ይዘጋል። የጅማ ገዥ ፈተና የሚጀምረው ያኔ ነው። ስለዚህ ውሉም፣ የሐኪም ምርመራውም፣ የጉዞው ቀንም ከጅማ ተነሥቶ ወደ ኋላ መቆጠር አለበት። ለደላላው በተመቸው የበረራ ቀን የመጣ ፈረስ ስንት ዩሮ እንደወጣበት ለትንኝ ምኗም አይደል።

ትንኟን ያነሣነው በምክንያት ነው። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ቫይረስ በአገራችን ነባር ነው። የምታስተላልፈው ከወባ ትንኝ በጣም የምታንስ፣ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ የምትረዝም ደም መጣጭ ትንኝ ስትሆን የምትናከሰውም ባብዛኛው ከፀሐይ ግባት እስከ ማለዳ ነው። አህያ ቫይረሱን ተሸክሞ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። የአገር ፈረስ ይታመማል፣ ይሞታልም፤ ቢሆንም እየተነከሰ ስላደገ መጠነኛ መከላከያ ያዳበረው ጥቂት አይደለም። ምዕራብ አውሮፓ ያደገ ፈረስ ግን ቫይረሱን ጨርሶ አያውቀውም፤ እዚያ በሽታው ስለሌለ ክትባቱም አይሰጥም። እንዲህ ያለው ፈረስ ሳንባን በሚያጠቃው መልኩ ከተያዘ የሞት መጠኑ እስከ 95 በመቶ ይደርሳል፤ ትኩሳቱ ይወጣል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ በመጨረሻም ባፍንጫው አረፋ ይደፍቃል። ልብን በሚያጠቃው መልኩ ደግሞ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ አብጦ ይሞላል። ባልደራሱ ጠዋት ጠዋት ያችን ጎድጓዳ በጣቱ ዳሰስ ቢያደርግ ዕብጠቱን ገና ሲጀምር ይደርስበታል።

ቫይረሱ ዘጠኝ ዓይነት ነው። ቢሾፍቱ ያለው የአገሪቱ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም የሚያመርተው ክትባት በ9ኛው ዓይነት ላይ የተሠራ ነው፤ በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚገኘውም እሱ ነው። ይሁን እንጂ ሌሎች ዓይነቶችም እዚህ ተገኝተዋል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሚመረተው ክትባት በሁለት ብልቃጥ የሚመጣ ሲሆን፣ በአንደኛው 1ኛው፣ 3ኛውና 4ኛው፣ በሁለተኛው 2ኛው፣ 6ኛው፣ 7ኛውና 8ኛው ዓይነት አሉ፤ ሁለቱ ቢያንስ በሦስት ሳምንት ልዩነት ይሰጣሉ። ሁለቱም አገሮች የሚያመርቱት ሕይወት ያለው፣ የተዳከመ ቫይረስ ነው። ስለዚህ የደቡብ አፍሪካውን ያለ መንግሥት ፈቃድ በሻንጣ ማስገባት ሕግ መጣስ ብቻ ሳይሆን እዚህ የሌለ የቫይረስ ዓይነት ወደ ሰፈር ፈረሶች ማምጣትም ሊሆን ይችላል። ደላላው «ክትባቱን እኔ አስገባልሃለሁ» ካለ ሌላ ደላላ ይፈለግ።

አሁን ወደ ቀን ቆጠራው እንምጣ። የጅማ ዝናብ ረዥም ነው፤ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት አያባራም። በሽታው የሚበረታውም በክረምቱ መጨረሻና ከክረምቱ በኋላ ነው። ትንኝ የምታንስበት ጊዜ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ስለሆነ ፈረሱ ቦሌ መውረድ ያለበት በታኅሣሥ መጨረሻ ወይም በጥር መጀመሪያ ነው። እንደወረደ አይከተብም፤ ሙቀቱ ቢያንስ አሥር ቀን ትክክለኛ ሆኖ መቆየት አለበት። ክትባቱ መከላከያ እስኪገነባ ደግሞ ሦስትና አራት ሳምንት ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከባድ ሥራ የለም። የመጀመሪያው ዝናብ በመጋቢት ሲጥል ፈረሱ ቢያንስ አንድ ዙር ጨርሶ ይቆያል። ከዚህ ወደ ኋላ ስንቆጥር የሐኪሙ ምርመራ ኅዳር ላይ፣ የፈረስ ፍለጋው መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ የማስገቢያ ፈቃዱ ጥያቄ ከዚያም በፊት ይሆናል ማለት ነው። «ሰኔ ላይ ርካሽ በረራ አግኝቻለሁ» የሚል ደላላ ያተረፈው ለራሱ ነው።

ሌላም መዘዝ አለ። ይህ በሽታ ነባር የሆነበት አገር የገባ ፈረስ በቀጥታ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ተመልሶ አይገባም። እናም «ካልተስማማህ ወስጄ እሸጥልሃለሁ» የሚለው የደላላ ቃል ባዶ ነው። ዋጋ ስትነጋገሩ «ነገ ሲሸጥ ያወጣዋል» የሚለውን ስሌት ከጠረጴዛው ላይ አንሡት። ኢትዮጵያ የገባ ፈረስ ገበያው ኢትዮጵያ ነው።

የደላላ ክፍያ በዚህ ንግድ ብዙውን ጊዜ ከፈረሱ ዋጋ 10 በመቶ አካባቢ ነው። አሠራሩ በራሱ አንድ ጉድለት አለበት፤ ፈረሱ በተወደደ ቁጥር ደላላው የበለጠ ያገኛል። ስለዚህ አስቀድሞ የተቆረጠ ክፍያ ይሻላል። ዋናው በሽታ ግን በሁለት ቢላ መብላት ነው፦ ከገዥው 10 በመቶ ይወስዳል፣ ከሻጩም በድብቅ ይወስዳል፣ አንዳንዴም ሻጩ የጠየቀው 30,000 ዩሮ ሆኖ ለገዥው 42,000 ይነገረዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የፈረሱ ዋጋ ከገዥው ባንክ በቀጥታ ወደ ሻጩ ሒሳብ ይሂድ፤ የሒሳቡ ባለቤት ስምና በሽያጭ ውሉ ላይ ያለው የሻጭ ስም አንድ ይሁን። የደላላው ክፍያ በሌላ ውል፣ በሌላ ደረሰኝ ይከፈል። በሽያጭ ውሉ ላይ «ከዚህ ሽያጭ ገንዘብ ወይም ሌላ ጥቅም የሚያገኝ ሰው ሁሉ ከነመጠኑ ከዚህ በታች ተዘርዝሯል» የሚል አንቀጽ ገብቶ ሻጩም ደላላውም ይፈርሙበት። ሐቀኛ ደላላ በዚህ አይቀየምም።

ክፍያውም ሁሉ በአንድ ጊዜ አይለቀቅ። ግማሹ የሽያጭ ውሉ ሲፈረም፣ ቀሪው ፈረሱ ጅማ ገብቶ 30 ቀን ሲሞላው ይሁን። ደላላው ይህን ሲያውቅ የፈረሱን ቦት፣ የክትባት መዝገብ፣ የለመደውን መኖ ስምና የልጓሙን ዓይነት ሳይረሳ ይልካል። ገንዘቡን ጨርሶ የተቀበለ ደላላ ስልክ ማንሣት ይከብደዋል፤ የአውሮፓውም የመርካቶውም በዚህ ጠባያቸው ዘመዳሞች ናቸው።

ስለ ፈረሱ አመራረጥ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሶምሶማው ላይ ነው። እግሩን ወደ ላይ እየወረወረ የሚሶመስም ፈረስ በቪዲዮ ያምራል። ነገር ግን ሶምሶማ በሥልጠና ይሻሻላል፤ እርምጃ ግን ብዙም አይሻሻልም። መታየት ያለበት ዛቡ ሙሉ በሙሉ ሲለቀቅለት እንዴት እንደሚራመድ ነው፦ አራቱ ኮቴዎች እኩል ጊዜ ጠብቀው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብለው መሬት መንካት አለባቸው፤ የኋላ እግሩም የፊቱ ከረገጠበት አለፍ ብሎ መርገጥ አለበት። የአንድ ጎን ሁለቱ እግሮች አብረው እንደ ሰጋር በቅሎ ከተንቀሳቀሱ በዳኞች ፊት ነጥብ ያስጥላል፤ ፈረሱ ውስጡ እንደተወጠረም ይናገራል። ለመንገድ ሰጋርነት ጸጋ ነው፣ ለድሬሳዥ ግን ጉድለት።

ከደላላው የሚጠየቀው ቪዲዮ ያልተቆራረጠና ሙዚቃ የሌለው ይሁን። ፈረሱ ጋጣው ውስጥ ሲጫን፣ ሲለጎም፣ ጋላቢው ሲወጣ፣ በግራም በቀኝም ዙር ሲሠራ፣ በጠንካራ መሬት ላይ በገመድ ትንሽ ክብ ሲዞር፣ በመጨረሻም መኪና ላይ ሲወጣ ይታይ። ሁሌ በአንድ ጎን ብቻ የሚታይ ፈረስ በሌላው ጎን አንድ ነገር አለው። የውድድር ታሪኩም ይጠየቅ፤ ጀርመን ውስጥ ደረጃው ከኢ ተነሥቶ በኤ፣ በኤልና በኤም አድርጎ እስከ ኤስ ይወጣል፤ ኔዘርላንድ ውስጥ ደግሞ ከቢ ጀምሮ እስከ ዜድና ዜድ ዜድ ይደርሳል። ውጤቶቹ በየአገሩ የፈረስ ፌዴሬሽን ተመዝግበው ስለሚገኙ የደላላውን አፍ መጠበቅ አያስፈልግም። በየወሩ ሲወዳደር የነበረ ፈረስ ድንገት ለስምንት ወር ከጠፋ ምክንያቱ በጽሑፍ ይጠየቅ፤ ብዙ ጊዜ ጅማት ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆነው፣ መካከለኛ ደረጃ ላይ የተወዳደረ፣ የተኮላሸ ፈረስ ይሻላል። የአምስት ዓመቱ ርካሽ ይመስላል፤ ግን በየሳምንቱ የሚቀመጥበት የሠለጠነ ጋላቢ ከሌለ በአንድ ዓመት ውስጥ የተማረውን ይረሳል። ድንጉላ ደግሞ ባዝራና የጋሪ ፈረስ በየመንገዱ በሚንቀሳቀስበት ከተማ ጣጣው ብዙ ነው።

የሐኪሙን ምርመራ በተመለከተ አንድ ሕግ አይጣስም፦ ሐኪሙን የሚመርጠው ገዥው ነው፤ የሻጩ ቋሚ ሐኪም አይሆንም፣ ደላላው «የኔ ሰው» የሚለውም አይሆንም። ሪፖርቱም ከሐኪሙ በቀጥታ ለገዥው ይላክ። ምርመራው ዓይንን፣ ልብንና ሳንባን በዕረፍት፣ ከሥራ በኋላና እንደገና ካረፈ በኋላ ያያል። እያንዳንዱ እግር ለአንድ ደቂቃ ያህል ታጥፎ ተይዞ ከተለቀቀ በኋላ ፈረሱ ወዲያው በሶምሶማ ይነዳል፤ ካነከሰ የታጠፈው መገጣጠሚያ ላይ ጥያቄ አለ ማለት ነው። የጀርመን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የሚመሩበት ደንብ መሠረታዊ የኤክስሬይ ምስሎችን 18 ያደርጋቸዋል፤ ለድሬሳዥ የጀርባ አጥንትና የታችኛው አንገት ምስል ይጨመር። የጀርባ አጥንት ጫፎች እርስ በርስ ከተነካኩ ፈረሱ ከኮርቻ በታች ጀርባውን ላያነሣ ይችላል። ምስሎቹ በዋናው ፋይላቸው ይላኩ፤ በስልክ ፎቶ የተነሣ ኤክስሬይ ማንም ሐኪም በቅጡ ሊያነበው አይችልም። ደምም ይቀዳ፤ በቤተ ሙከራ ተቀምጦ በኋላ ፈረሱ ማስታገሻ ተሰጥቶት እንደነበር ለማወቅ ይረዳል።

ፍጹም ንጹሕ ኤክስሬይ ያለው የ12 ዓመት ፈረስ ብርቅ ነው፤ ትንሽ ለውጥ ታይቷል ተብሎ ሁሉም አይጣልም። የማያስማማው አንድ መገጣጠሚያ በእጥፋቱ ሲያነክስ፣ እዚያው ቦታ ላይ ኤክስሬዩም ለውጥ ሲያሳይ ነው። ያኔ ደላላው የፈለገውን ቢል ይተው።

አውሮፓዊ ሐኪም የማያስበው፣ የጅማ ገዥ ግን የግድ መጠየቅ ያለበት ቆዳውን ነው። አንዳንድ ፈረስ የትንኝ ንክሻ አለርጂ አለበት፤ ጋማውንና የጭራውን ሥር እስኪደማ በግንድ ያሻል። ይህ የሚታየው በእነሱ በጋ ነው። ኅዳር ላይ ሲመረመር ጠጉሩ አድጎ፣ ቁስሉ ድኖ ምንም አይታይም። ስለዚህ ያለፈው ሰኔና ሐምሌ ፎቶ ይጠየቅ፤ በውሉም ላይ ሻጩ «ይህ አለርጂ የለበትም» ብሎ ይፈርም። ትንኝ ዓመቱን ሙሉ በማይጠፋበት ጅማ እንዲህ ያለ ፈረስ ዕድሜ ልኩን ሲያክክ ይኖራል። አራት እግሩ ነጭ የሆነውም በጭቃው ወራት ቁርጭምጭሚቱ ሥር ይቆስላል። ግራጫና ነጭ ፈረስ ሲያረጅ ብዙ ጊዜ ከጭራው ሥር ጥቁር እጢ ያበቅላል፤ ጭራውን አንሥቶ ማየት ወጪ የለውም።

ወደ ወረቀቱ ስንመጣ፣ እያንዳንዱ የአውሮፓ ኅብረት ፈረስ ፓስፖርትና አንገቱ ውስጥ የተቀበረ ባለ 15 አኃዝ ቺፕ አለው። ሐኪሙ ቺፑን በመሣሪያ አንብቦ ከፓስፖርቱ ጋር ማመሳከሩን በሪፖርቱ ይጻፍ። ፓስፖርት የባለቤትነት ማስረጃ እንዳልሆነ ብዙ ሰው አያውቅም፤ ጀርመን ውስጥ የተመዘገበ ፈረስ ለብቻው የባለቤትነት ሰነድ አለው፣ እሱም ሳይቀበሉ ገንዘብ አይለቀቅ። ሻጩ ነጋዴ ከሆነ ዋጋው ውስጥ ጀርመን ላይ 19 በመቶ፣ ኔዘርላንድ ላይ 21 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሊኖርበት ይችላል። ፈረሱ ከኅብረቱ መውጣቱ በጉምሩክ ሰነድ ከተረጋገጠ ይህ ታክስ አይከፈልም ወይም ይመለሳል። ማን እንደሚያስመልሰውና ለማን እንደሚገባ በውሉ ካልተጻፈ ደላላው ኪስ ውስጥ ይቀራል።

እዚህ አገር ደግሞ በእንስሳት ጤና ሕግ መሠረት የማስገቢያ ፈቃድ አስቀድሞ ይወጣል። የሚፈለጉት የደም ምርመራዎች በፈቃዱ ላይ ስለሚዘረዘሩ ደላላው በልማድ የሚያሠራቸው አይበቁም፤ ዝርዝሩን ለላኪው አገር የመንግሥት ሐኪም ቃል በቃል ማድረስ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው በቀናት ነው፦ የጤና ምስክር ወረቀቱ ዕድሜ በቀናት የሚቆጠር ሲሆን፣ ባንክ ለውጭ ግዢ የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና ሰነድ (ኤልሲ) ግን በሳምንታት ይራመዳል። ኤልሲው ሳይከፈት ደም ማስቀዳት ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ኢንቮይሱ ላይ እውነተኛው ዋጋ ይጻፍ፤ ዋጋ አሳንሶ ማስጻፍ ወንጀል ከመሆኑም በላይ ፈረሱ መንገድ ላይ ቢሞት ኢንሹራንሱ የሚከፍለው የተጻፈውን ነው። ቀረጥ የሚሰላው በፈረሱ ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ የመጓጓዣውና የኢንሹራንሱ ወጪም ይደመርበታል። በጉምሩክ መግለጫው (ዲክላራሲዮኑ)ም ላይ የተኮላሸን ፈረስ «ለዘር» ብሎ ማስመዝገብ የትራንዚተር ብልጠት ይመስላል፤ ጉምሩክ ግን ጎንበስ ብሎ አይቶ ይለየዋል።

በረራውን በአጭሩ እንለፈው። ከቤልጂየሟ ሊዬዥ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጭነት አውሮፕላኖች ወደ አዲስ አበባ ይበራሉ። ፈረሱ የሚገባበት ሣጥን እስከ ሦስት ፈረስ ይይዛል፤ ሁለት ብቻ ሆነው ሲጓዙ ዋጋው ይጨምራል፣ ቦታውም ይሰፋል። ዋናው አደጋ የሳንባ ምች ነው፤ አንገቱ ወደ ላይ ታስሮ ለሰዓታት የቆየ ፈረስ ንፍጡን ማውረድ ስለማይችል አቧራና ጀርም ሳንባው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አንገቱን ዝቅ ማድረግ እንዲችል ረዘም ተደርጎ ይታሰር፣ ድርቆሹ በውኃ ይራስ፣ ውኃ በየጊዜው ይቅረብለት። ከደረሰ በኋላ ለአሥር ቀን ጠዋትና ማታ ሙቀቱ ይለካ፤ 38.5 ካለፈ ሐኪም ይጠራ። የአውሮፓ ክረምት ጠጉሩን ከመሳፈሩ በፊት ማስላጨትም አይዘንጋ። የፈረስ ጉንፋን (ኢንፍሉዌንዛ)ና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት በልማድ አለው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግን እዚያ ስለማይለመድ ተለይቶ ይጠየቅ።

ከቦሌ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ተራ አይሱዙ አይሆንም፤ የአገራችንን ፈረስ ከዳገት አስጠግቶ ማውጣት ይቻላል፣ ቁመቱ ትከሻው ላይ 170 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 550 ወይም 600 ኪሎ የሆነ ፈረስ ግን መወጣጫ ያስፈልገዋል። የመወጣጫው ዘንበልታ ከ20 ዲግሪ አይብለጥ፣ ወለሉ ላይ ጎማ ይነጠፍ፣ ጎንና ጎኑ በአግዳሚ ይከፈል። ከዚያ ጊቤ በረሃ አለ። ሸለቆው የቆላ ዝንብ ያለበት፣ ገንዲ የተባለው በሽታ የሚተላለፍበት ቦታ ነው፤ ዝንቧ የምትናከሰው ቀን፣ ሙቀት ሲጨምር ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት አዲስ አበባን የለቀቀ መኪና ፀሐይ ሳትበረታ ወንዙን ይሻገራል። ወልቂጤ ላይ ውኃ ይጠጣ፤ ከዚያ በኋላ ሸለቆውን ወጥቶ ሶኮሩ እስኪቃረብ መቆም የለም። ሹፌሩ ድልድዩ አካባቢ ማንጎ ሊገዛ ከወረደ ውሉ ላይ ቅጣት ይኑረው፤ የምንቀልድ አይደለም። ገንዲ ቢይዘውም ለከብት የሚሰጠውን ዲሚናዚን የተባለ መድኃኒት እንዳገኙ መውጋት አይገባም፤ ፈረስ በቀላሉ አይቋቋመውም።

ጋጣው ፈረሱ ከመምጣቱ በፊት ተሠርቶ ይለቅ። ተራ አጎበር ለወባ ትንኝ እንጂ ለዚህች ትንኝ ሰፊ በር ነው፤ ቀዳዳው በጣም የደቀቀ መረብ ያስፈልጋል፤ በፀረ ተባይ ቢነከር የተሻለ ይሆናል። ፈረሱ ፀሐይ ከመግባቷ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይግባ፣ ከወጣች ከሁለት ሰዓት በኋላ ይውጣ። ቬንትሌተርም ይረዳል፤ ትንኟ ነፋስ አትችልም። ለጉዝጓዝ ጅማ ላይ ቀድሞ የሚታሰበው የቡና ገለባ ነው፤ በርካሽ፣ በየመፈልፈያው ይገኛል። ፈጽሞ አይሁን። ፈረስ ጉዝጓዙን ይበላል፤ ገለባው ውስጥ ያለው ካፌይን ያቅበጠብጠዋል፣ ያልበዋል፣ ከንፈሩንና ምላሱን ሳይቀር ያንቀጠቅጠዋል፤ ለውድድር ቢቀርብም በደሙ ውስጥ ካፌይን ተገኝቶ ይቀጣል። ሰጋቱራ ወይም የጤፍ ጭድ ይሻላል።

አመጋገቡ በክብደት እንጂ በልማድ አይሰላ። 550 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ከ8 እስከ 11 ኪሎ ድርቆሽ ይፈልጋል፤ የጋሪ ፈረስ ከለመድነው እጥፍ በላይ ነው። ገብስና አጃ ጥሩ ናቸው፤ ፉርሽካ ብቻውን አይመከርም። በጅማ እርጥበት የተቀመጠ በቆሎ ሲሻግት የሚያወጣው መርዝ የፈረስን አንጎል ያሟሟል፤ ትንሽ የሸተተ ጆንያ እንዳለ ይጣል። የዶሮ መኖ ከፈረስ መኖ ጋር በአንድ መጋዘን አይቀመጥ፣ በአንድ ወፍጮም አይደባለቅ፤ ኮክሲዲያ ለተባለው የዶሮ አንጀት በሽታ የሚጨመርበት ሞኔንሲን የተባለ መድኃኒት ዶሮን ሳይነካ ፈረስን ይገድላል። የትል መድኃኒቱም በክብደት ይለካ፤ ለከብት የሚወጋው አይቨርሜክቲን ለፈረስ አይወጋም፣ ባፉ የሚሰጠው ቅባት ይፈለግ። የእግር ብረቱን በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ የሚቀይር ባለሙያ ካሁኑ ይዘጋጅ፤ በልኩ የተሠራ ብረት ከነሚስማሩ አራት አምስት ስብስብ አብሮ ይምጣ። ኮርቻ፣ ብሩሽ፣ የውኃ ባልዲ ለብቻው ይሁን፤ የጋሪ ፈረሶችን አንገትና እግር በሰንሰለት መልክ የሚያቆስለው የፈንገስ በሽታ በቁስል፣ በዝንብና በጋራ ዕቃ ይተላለፋል።

የክትባቱ ቀን ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ክትባቱ ደርቆ በብልቃጥ የሚመጣ፣ በአንድ ብልቃጥ ለብዙ ፈረስ የሚሆን ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ ካልቆየ ይሞታል፤ ከተበጠበጠ በኋላም የሚቆየው ለሰዓታት ብቻ ነው። አንድ ፈረስ ብቻ ወግቶ የተረፈውን መድፋት ኃጢአት ነው። ባለፈረሱ ከቀበሌው የእንስሳት ሐኪም ጋር ተነጋግሮ በዚያው ጠዋት የሰፈሩን ጋሪ ነጂዎች ይጥራ፤ በረዶው፣ ሲሪንጁና መርፌው በሱ ወጪ ይሁን፣ መርፌውም ለየፈረሱ ይቀየር። በአጥሩ ዙሪያ ያሉት ፈረሶች ሲከተቡ ቫይረሱ በአካባቢው የሚራባበት ይቀንሳል። ያን ቀን የተከተቡት የጋሪ ፈረሶችም ጋሪ ሳይጎትቱ ጥቂት ቀናት እንዲያርፉ፣ ለነጂዎቹ የቀን ገቢያቸውን መካስ ተገቢ ነው።

ከጅማ፣ በፈረስ ሕክምናና ሥልጠና ሙያ ላይ የተሰማራን